ቴትሪስና የማያልቀው ግንብ፦ ሰዎች አንድን ጨዋታ ደጋግመው ስለሚጫወቱበት ምክንያት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



አንድ ተማሪ የሒሳብ መልመጃ ሲሠራ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ ደብተሩን ይከድናል። ይኸው ተማሪ በሞባይል ስልክ በሚጫወተው የቪዲዮ ጨዋታ በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ይሸነፋል፤ ይሁን እንጂ ከሃያኛው ሽንፈት በኋላ ለሃያ አንደኛ ጊዜ ይጀምራል። መምህራንና ወላጆች ይህን አይተው ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ፍርድ አጭር ነው፤ «ጨዋታ ስለ ሆነ ነው፤ ጨዋታ ይቀላል፣ ትምህርት ይከብዳል» ይላሉ። ፍርዱ ግን ከነገሩ እውነት ጋር አይስማማም። ጨዋታው ቀላል ቢሆን ኖሮ ተማሪው ሃያ ጊዜ ባልተሸነፈ ነበር። እንዲያውም በጣም የቀለለ ጨዋታ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል፤ በሦስተኛው ቀን ይጣላል። እንግዲህ ሰውን ይዞ የሚያቆየው ቅለቱ ካልሆነ ምንድን ነው?

ጥያቄው ለትርፍ ጊዜ ወግ ብቻ የሚሆን አይደለም። የመምህርነት ሙያ በመሠረቱ ሰው ከስሕተቱ በኋላ ተመልሶ እንዲሞክር የማድረግ ሙያ ነው። ተማሪው የሚሸነፍበትን ነገር የሚተወው የት ላይ እንደ ሆነ፣ የማይተወውስ ለምን እንደ ሆነ መመርመር ስለዚህ የሙያው ግዴታ ነው። ለምርመራው ስለ ቪዲዮ ጨዋታዎች በጠቅላላው ከመናገር አንዱን ለይቶ ማየት ይሻላል። ለዚህም ከቴትሪስ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። ቴትሪስ ታሪክ የለውም፤ ጀግና የለውም፤ ጠላትና ጦርነት የለውም፤ ተጫዋቹ የሚያገኘው ሽልማት የለም፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ ሽንፈት ነው። ይህ ሁሉ ጎድሎት ከአርባ ዓመት በላይ በመላው ዓለም ሲጫወቱት ከኖሩ፣ የሚይዘው ነገር ከጨዋታው አሠራር ውጭ ሊፈለግ አይችልም ማለት ነው።

የጨዋታው አመጣጥ

ቴትሪስ የተፈጠረው በ1984 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሞስኮ ከተማ በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ውስጥ ነው። ፈጣሪው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የሰው ንግግር በመሣሪያ ስለሚታወቅበት መንገድና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመራመሩ ባለሙያ ነበሩ። መነሻ የሆናቸው ከአምስት አምስት እኩል ካሬዎች የተሠሩ 12 ቅርጾችን በአንድ ሣጥን ውስጥ አስማምቶ የመደርደር የቆየ እንቆቅልሽ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ለሚሠራ ፈጣን ጨዋታ 12ቱ ቅርጾች በዝተው ስለ ተገኙ እያንዳንዱ ቅርጽ ከአራት ካሬ ብቻ እንዲሠራ ተደረገ፤ ቅርጾቹም ሰባት ሆኑ። የጨዋታው ስም «ቴትራ» ከሚለው አራት ማለት ከሆነው የግሪክ ቃልና ፓጂትኖቭ ይወዱት ከነበረው ቴኒስ ተጣምሮ የወጣ ነው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተጻፈበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒዩተር ሥዕል ለማውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ካሬዎቹ የተሠሩት በጽሕፈት ምልክቶች፣ ይኸውም በቅንፎች ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ላይ አንድ ችግር ተፈጠረ። ከላይ የሚወርዱት ቅርጾች ሜዳውን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሞልተው ጨዋታውን ያበቁት ነበር። መፍትሔው ከዳር እስከ ዳር የሞላው ረድፍ እንዲጠፋ ማድረግ ሆነ። ይህ የመፋቅ ሥርዓት ቁም ነገሩ ሁሉ ያለበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

ቀጥሎም ዲሚትሪ ፓቭሎቭስኪና በዚያን ጊዜ ገና የ16 ዓመት ተማሪ የነበሩት ቫዲም ገራሲሞቭ ተባብረው ጨዋታውን ለአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር አዘጋጁት። ከዚያ በኋላ ቴትሪስ ከእጅ ወደ እጅ በዲስክ እየተገለበጠ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከሞስኮም ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻገረ። በዚያ ሥርዓት አንድ ተመራማሪ የሠራውን ፕሮግራም በግሉ ሊሸጥ አይችልም ነበር። መብቱም በመንግሥት እጅ ነበርና በ1989 ሔንክ ሮጀርስ የተባሉት ነጋዴ ወደ ሞስኮ ሄደው ኤሎርግ ከተባለው የመንግሥት ድርጅት ጋር ተዋዋሉ። ጨዋታውም በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ካወጣው ጌም ቦይ ከተባለው የእጅ መጫወቻ ጋር ተያይዞ ለገበያ ቀረበ፤ በዚህ መሣሪያ ብቻ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ተሸጧል። ፓጂትኖቭ ግን ከፈጠራቸው የድርሻ ክፍያ ማግኘት የጀመሩት መብቱ ወደ እርሳቸው ከተመለሰበት ከ1996 ወዲህ ነው።

ይህን ታሪክ መጥቀስ ያስፈለገው ለአንድ ነጥብ ነው። ቴትሪስ ሰውን መያዝ በጀመረበት ወቅት የሚያስተዋውቀው ነጋዴ፣ የሚያታልለው ሥዕልና የሚያጅበው ሙዚቃ አልነበረውም። በቅንፍ የተሠሩ ካሬዎች ብቻ ነበሩ። ሰዎቹን የያዛቸው እነዚህ ካሬዎች የሚገዙበት ሕግ ነው።

የጨዋታው አሠራር

ሜዳው በወርድ 10፣ በቁመት 20 ካሬ ነው። ሰባቱ ቅርጾች አንድ በአንድ ከላይ ይወርዳሉ። ተጫዋቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሊያንቀሳቅሳቸው፣ ሊያዞራቸውም ይችላል፤ ሊመልሳቸው ግን አይችልም። የሞላ ረድፍ ይጠፋል፤ በላዩ ያለው ይወርዳል። ክፍት ቦታ የቀረበት ረድፍ ባለበት ይቆያል፤ ሌላውም በላዩ ይደረደራል። ተጫዋቹ እየገፋ በሄደ መጠን የአወራረዱ ፍጥነት ይጨምራል። ክምሩ ጣራውን ሲነካ ጨዋታው ያበቃል። ይህን ሁሉ ለመረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚህ ቀላል ሕግ በስተጀርባ ግን በቀላሉ የማይገኝ ችግር አለ። ለምሳሌ ሰባቱን ቅርጾች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ ምንም ቀዳዳ የሌለበት ባለ አራት ማዕዘን ለመሥራት አይቻልም። ምክንያቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊረዳው ይችላል። ሜዳው እንደ ቼዝ ገበታ ጥቁርና ነጭ ይቀባ። ሰባቱ ቅርጾች በድምሩ 28 ካሬ ናቸው። 28 ካሬ ያለው ባለ አራት ማዕዘን 14 ጥቁርና 14 ነጭ ይኖረዋል። ከሰባቱ ስድስቱ ቅርጾች እንደ ምንም ቢቀመጡ ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ ይሸፍናሉ። በላቲኑ «ቲ» ፊደል አምሳል የተሠራው ቅርጽ ግን ሦስት ከአንድ ቀለም፣ አንድ ከሌላው ይሸፍናል። ስለዚህ ድምሩ 15 እና 13 እንጂ 14 እና 14 ሊሆን አይችልም። ምንጊዜም አንድ ነገር ይተርፋል፣ አንድ ነገር ይጎድላል።

ከዚህም አልፎ ሔይዲ በርጊል የተባሉት የሒሳብ ሊቅ በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በላቲኑ «ኤስ» እና «ዜድ» ፊደሎች አምሳል የተሠሩት ሁለት ጠማማ ቅርጾች ብቻ እየተፈራረቁ ቢወርዱ ማንኛውም ተጫዋች፣ ምንም ያህል ጠቢብ ቢሆን፣ 70,000 ቅርጽ ሳይሞላ እንደሚሸነፍ አረጋግጠዋል። ቅርጾቹ ያለ ምንም ገደብ በዕጣ በሚወርዱበት ጨዋታ ደግሞ ዘመን ቢፈጅም እንዲህ ያለው ተራ መድረሱ አይቀርም። በተግባር እስከዚያ የሚደርስ ሰው የለም፤ ከዚያ በፊት ፍጥነቱ ያሸንፈዋል። በየትኛውም መንገድ ቢታይ ቴትሪስ ሰው እየተሸነፈ የሚጫወተው ጨዋታ ነው።

ተጫዋቹ ለምን ይመለሳል?

ምክንያቶቹን በአምስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

1ኛ/ ያልተጨረሰ ሥራ ሰውን ይጠራል። የሞላው ረድፍ ስለሚጠፋ ተጫዋቹ በፊቱ የሚያየው የሠራውን አይደለም፤ የቀረውን ነው። ዐይኑ ሁልጊዜ የሚያርፈው ባልተሞላው ቀዳዳ ላይ ነው። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪ የነበሩት ብሉማ ዘይጋርኒክ በ1927 ባወጡት ጥናት ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ የተቋረጠባቸውን ሥራ አጥብቀው እንደሚያስታውሱ ገልጸው ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የማስታወሱን ነገር ሁሉም አላረጋገጡትም። ባልደረባቸው ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 ያሳዩት ነገር፣ ይኸውም ሰው የተቋረጠበትን ሥራ ማንም ሳያዘው ተመልሶ የመቀጠል ዝንባሌ ያለው መሆኑ ግን የተሻለ ድጋፍ አግኝቷል። ቴትሪስ ይህን ዝንባሌ በየሴኮንዱ የሚቀሰቅስ ነው፤ አንድ ረድፍ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሆኖ ይጠብቃል።

2ኛ/ መልሱ ወዲያውኑ ይደርሳል። ቅርጹ ከተቀመጠ በኋላ መግጠሙን ወይም አለመግጠሙን ለማወቅ መጠበቅ የለም። ዴቪድ ኪርሽና ፖል ማሊዮ በ1994 ባሳተሙት ጥናት አንድ አስደናቂ ነገር አስተውለዋል። ተጫዋቾች ቅርጹን በሐሳባቸው አዙረው ቦታ ከፈለጉለት በኋላ በእጃቸው ያዞሩታል ተብሎ ቢጠበቅም፣ እነርሱ ግን የት እንደሚገባ ሳያውቁ አስቀድመው በእጃቸው ያዞሩታል፤ የሚያዞሩትም ለማየት ነው። እጅ ሐሳብን ይረዳል ማለት ነው። መልሱ ፈጣንና ሙከራው ርካሽ በሆነበት ቦታ ሰው በመሞከር ያስባል። መልሱ በዘገየበት፣ ሙከራውም ውድ በሆነበት ቦታ ግን ሰው ከመሞከር ይቆጠባል።

3ኛ/ ክብደቱ ከችሎታው ጋር አብሮ ያድጋል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የቼዝ ተጫዋቾችን፣ ተራራ ወጪዎችን፣ ዳንሰኞችንና የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን መርምረው በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰው በሥራው ፈጽሞ የሚመሰጠው የሥራው ክብደትና የራሱ ችሎታ በተመጣጠኑ ጊዜ መሆኑን አስረድተዋል። ሥራው ከችሎታው ካነሰ ይሰለቻል፤ ከበለጠ ይጨነቃል። ቴትሪስ በዝግታ ጀምሮ እየፈጠነ ስለሚሄድ ጀማሪውም ሆነ የበቃው ተጫዋች በየጨዋታው ውስጥ ለእርሱ የሚመጥን አንድ ክፍል ያገኛል። ሪቻርድ ሄየርና ባልደረቦቻቸው በ1992 ባወጡት ጥናት ደግሞ ቴትሪስን ለሳምንታት የተለማመዱ ሰዎች ነጥባቸው ከፍ እያለ ሲሄድ አንጎላቸው ለጨዋታው የሚያወጣው ኃይል እንደ ቀነሰ ለክተዋል። የተማረ አእምሮ በትንሽ ድካም ብዙ ይሠራል፤ ተጫዋቹም ይህን ለውጥ ማንም ሳይነግረው በራሱ ይሰማዋል።

4ኛ/ የስሕተቱ ምክንያት በግልጽ ይታያል። በቴትሪስ የተሸነፈ ሰው ለምን እንደ ተሸነፈ ያውቃል፤ ከአምስት ቅርጽ በፊት የተወው ቀዳዳ በፊቱ ተገትሮ ይታየዋል። የጨዋታው አዘጋጆች በዚህ ረገድ ያደረጉት አንድ ማሻሻያ ሊጠቀስ ይገባዋል። በቀድሞዎቹ ዓይነቶች ቅርጾቹ ያለ ገደብ በዕጣ ይወርዱ ስለ ነበር ተጫዋቹ የሚፈልገውን ረጅሙን ቅርጽ ሲጠብቅ ኖሮ ሳያገኘው ሊሸነፍ ይችል ነበር። ከ2001 ወዲህ በወጡት በብዙዎቹ ዓይነቶች ግን ሰባቱ ቅርጾች በአንድ ከረጢት ውስጥ እንዳሉ ያህል ተቆጥረው ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሳይወጡ ከረጢቱ እንደገና አይሞላም። በዚህም ምክንያት በአንድ ዓይነት ቅርጽና በሚቀጥለው መሰሉ መካከል ከ12 በላይ ሌሎች ቅርጾች ሊገቡ አይችሉም። ለሽንፈቱ በዕድል የማመካኘት በር በዚህ ጠበበ፤ የተጫዋቹ ፍላጎት ግን ከዚህ የተነሣ አልቀነሰም።

5ኛ/ እንደገና መጀመር ዋጋ አያስከፍልም። ጨዋታው ሲያበቃ ሜዳው ባዶ ይሆናል። የትናንቱ ሽንፈት በዛሬው ሜዳ ላይ አይገኝም፤ የትናንቱ ልምድ ግን በተጫዋቹ ጣቶችና ዐይኖች ውስጥ ይገኛል። ይህ ልምድ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቻቸው በ2000 አሳይተዋል። ቴትሪስ ከተጫወቱት 27 ሰዎች መካከል አብዛኞቹ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ቅርጾቹ ሲወርዱ ይታያቸው እንደ ነበር ተናግረዋል። ከእነርሱ መካከል አምስቱ የማስታወስ ችሎታቸውን በሕመም ያጡ ሰዎች ነበሩ፤ ጨዋታውን መጫወታቸውን ሳያስታውሱ እንኳ ከአምስቱ ሦስቱ ቅርጾቹን አይተዋል።

እነዚህ አምስት ነገሮች የኮምፒዩተር ሀብት ብቻ አይደሉም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ሰፊ ጥናት ያሳተሙበት ገበጣም አብዛኞቹን ይዟል። ጠጠሩ ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ ዕጣ የለበትም፤ የእያንዳንዱ እጅ ውጤት ወዲያው ይታወቃል፤ ተሸናፊውም ጠጠሮቹን መልሶ ደርድሮ «እንደገና» ይላል። ለገበጣ መሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ይበቃሉ። እንግዲህ ሰውን የሚይዘው የመሣሪያው ውድነት አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሁለት ዓይነት አያያዝ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጨዋታን ለማወደስ ብቻ እንደ ቀረበ መቆጠር የለበትም። ሰውን ይዞ የሚያቆይ ነገር ሁሉ መልካም አይደለም። ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እንስሳት ያለ ዕረፍት ደጋግመው እንደሚሠሩ አስረድተዋል። የቁማር መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። በዛሬው ዘመን ከወጡት የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከልም ብዙዎቹ ተጫዋቹ ገንዘብ ከፍሎ ውስጡን ሳያውቅ የሚከፍተው የዕጣ ሣጥን ያቀርባሉ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2018 እንዲህ ያለውን በገንዘብ የሚገዛ ሣጥን በሕግ የተከለከለ ቁማር ነው ሲል ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ጨዋታን መቆጣጠር አለመቻልን እንደ ሕመም መዝግቧል። ምልክቶቹም ሰውየው ራሱን መግታት ማቃቱ፣ ጨዋታውን ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደሙና ጉዳት እያየም መቀጠሉ ናቸው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲታይ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ስለ ተጫወተ ብቻ ታመመ አይባልም፤ ሕመሙ የለም ብሎ መካድም አይገባም።

ሁለቱን ዓይነት አያያዝ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም ሰውየው ጨዋታውን ሲተው ምን ይዞ ይነሣል? የሚለው ነው። የዕጣ ሣጥን የከፈተ ሰው መቶ ጊዜ ቢከፍት መቶ አንደኛውን የሚከፍተው ከመጀመሪያው በተሻለ ችሎታ አይደለም። ቴትሪስን መቶ ጊዜ የተጫወተ ሰው ግን በመቶ አንደኛው ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ለዚህ ማስረጃው በቅርብ ዓመታት የታየ ነው። በ1989 ኒንቴንዶ ለቤት መጫወቻው ባወጣው ቴትሪስ 29ኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ቅርጹ ከጣራ እስከ መሬት በአንድ ሴኮንድ ሢሶ ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። ቁልፍን ተጭኖ በመያዝ ብቻ ቅርጹን ወደ ዳር ለማድረስ ስለማይቻል ደረጃው ለብዙ ዓመታት የጨዋታው መጨረሻ እንደ ሆነ ይታመን ነበር። የዚህ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና በ2010 ተጀምሮ ዮናስ ኑባወር ሰባት ጊዜ አሸነፉ። በ2018 ግን ጆሴፍ ሴሊ የተባለ የ16 ዓመት ወጣት ቁልፉን በከፍተኛ ፍጥነት ደጋግሞ በመምታት አሸነፋቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቁልፉን በአውራ ጣት ከመምታት ይልቅ መሣሪያውን ከጀርባው በጣቶች ተራ በተራ የመደብደብ ዘዴ ተፈለሰፈ፤ ዘዴውም ከአንዱ ወጣት ወደ ሌላው ተሸጋገረ። በታኅሣሥ ወር 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ታዳጊ 157ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከእርሱ በፊት የተሸነፈው ፕሮግራሙ ሆነ፤ ጨዋታው ደርቆ ቆመ። ከ34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እነዚህ ወጣቶች አንዳቸው የደረሱበትን ለሌላው እያሳዩ ነው የሄዱት፤ ግድግዳ ይባል የነበረው ደረጃም ለተከታዮቻቸው መረማመጃ ሆነ።

ይህ ጨዋታ ከጨዋታነት ያለፈ ጥቅም ሊሰጥ መቻሉም ተመርምሯል። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ከመጡ 71 ሰዎች መካከል ከፊሎቹ አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ አደጋውን ለአፍታ አስታውሰው ለ20 ደቂቃ ያህል ቴትሪስ እንዲጫወቱ ተደረገ። በተከታዩ ሳምንት ሳይፈልጉት በሐሳባቸው እየመጣ የሚያስጨንቃቸው የአደጋው ትዝታ ካልተጫወቱት ሲነጻጸር በ62 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዐይነ ልቡናን አጥብቆ የሚይዝ ሥራ ለክፉው ሥዕል ቦታ አያስቀርለትም ብለው ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ለመምህሩ የሚተርፈው

ከላይ ከተዘረዘረው ለማስተማር ሥራ የሚወሰድ ነገር አለ፤ የማይወሰድም አለ።

ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የማይጠቅመው ነው። ጨዋታ ልጆችን ይስባል ሲባል አንዳንዱ ኮከብ፣ ነጥብና ሽልማት ወደ ክፍል ያስገባል። ነገር ግን ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 ያሳተሙት ጥናት ያስጠነቅቃል። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ከሣሉ የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ቃል ተገባላቸው፤ አገኙም። ከሳምንታት በኋላ እነዚያው ሕፃናት በነፃ ጊዜያቸው ለመሣል የሰጡት ጊዜ ምንም ቃል ካልተገባላቸው ሕፃናት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ዝቅ ያለ ሆነ። ሽልማቱ ሥራውን በልጦ ታየ፤ ሽልማቱ ሲቀር ሥራውም ቀረ። ቴትሪስ ለተጫዋቹ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የለም።

ሊወሰድ የሚገባው ሌላ ነው። ተማሪው መሳሳቱን በዚያው ሰዓት ይወቅ። ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ ይይ። አርሞ ሲመጣ የታረመው ማርክ የቀድሞውን ይተካ እንጂ የመጀመሪያው ዜሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደ ተገተረ ግንብ በላዩ አይቁም። የሚቀጥለው ጥያቄ ካለፈው በጥቂቱ ይክበድ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ የያዘ መምህር ይህን ሲሰማ የደብተሩን ክምር አስቦ ሊያዝን ይችላል፤ ሐዘኑም ተገቢ ነው። ሆኖም መምህሩ ሁሉንም በእጁ እንዲያርም አይጠየቅም። መልሱን በሰሌዳ ጽፎ ተማሪዎቹ ደብተር ተለዋውጠው እንዲተራረሙ ማድረግ ይቻላል። ለሳምንት የሚከማቸውን የቤት ሥራ ወደ አምስት ደቂቃ የክፍል ልምምድ መለወጥም ይቻላል። የጠመኔ ሰሌዳ ወዲያው መልስ ለመስጠት ከማንኛውም ስክሪን አያንስም።

በሌላው በኩል የንጽጽሩ ወሰን መታወቅ አለበት። ቴትሪስ ሰባት ቅርጾች ብቻ ያሉት ዓለም ነው። ዕውቀት እንዲህ አይደለም። ድርሰት የጻፈ ተማሪ መልካም መጻፉን በአንድ ሴኮንድ ሢሶ አያውቅም። ትልቅ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ፍሬውን ከዓመታት በኋላ ሊያገኘው ይችላል። ገበሬም ዘርቶ በማግሥቱ አያጭድም። ፈጣን መልስ ብቻ የለመደ ልጅ ዘግይቶ የሚመጣውን መልስ ለመጠበቅ አቅም ያጣል፤ ይህ ደግሞ ከጨዋታ የሚገኝ ትምህርት ሳይሆን ከሰው የሚገኝ ትምህርት ነው። ስለዚህ መምህሩ ሁለት ሥራ አለበት። በፍጥነት ሊመለስ የሚችለውን በፍጥነት ይመልስ፤ በፍጥነት ሊመለስ በማይችለው ላይ ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከተማሪው ጎን ይቆይ። ቴትሪስ የመጀመሪያውን ያስተምራል። ሁለተኛውን የሚያስተምር መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከሃያኛው ሽንፈት በኋላ ለሃያ አንደኛው የሚነሣው ልጅና ከሁለተኛው ስሕተት በኋላ ደብተሩን የሚከድነው ልጅ አንድ ልጅ ነው። ትዕግሥት የለውም፣ ሽንፈት አይችልም፣ ትኩረት አጥቷል ተብሎ የሚከሰሰው ልጅ በየምሽቱ ትዕግሥትንም፣ ሽንፈትን መቻልንም፣ ትኩረትንም ያሳያል። ባሕርዮቹ አሉት፤ የጎደለው የሚያውላቸው ቦታ ነው። በአንዱ ቦታ ሽንፈቱ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል፤ በሌላው ቦታ ሽንፈቱ እርሱ ማን እንደ ሆነ ይነግረዋል። ልጅ ከመጀመሪያው ዓይነት ሽንፈት አይሸሽም፤ ከሁለተኛው ግን ይሸሻል፤ ቢሸሽም አይፈረድበትም። የልጁ ዜሮ የትኛውን ዓይነት እንዲናገር የሚወስነው ደብተሩን የሚያርመው ሰው ነው።